ስለ ፍጥነት መለኪያዎችና ስለ ተሰናባች እንግዳ አካሄድ የተደረገ ምርመራ

ፍጥነት ከመንገድና ከጊዜ የተወለደ አንድ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ አሳዳጊዎቹ ስለ በዙ በየቤቱ ልዩ ልዩ ስም ወጥቶለታል። የጥንቱ መርከበኛ ሳንቃ የታሰረበትን ገመድ በየ14 ሜትር ተኩል ገደማ ቋጥሮ ወደ ባሕር ይለቅና፣ የ28 ሴኮንድ አሸዋ ፈስሶ እስኪያልቅ በእጁ ያለፈውን ቋጠሮ ይቈጥር ስለ ነበር፣ የልጅ ልጆቹ እስከ ዛሬ በኖት ይናገራሉ፤ አንዱም ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። እንግሊዝ 1.609 ኪሎ ሜትር በሚሆነው ማይሉ ጸንቷል። የፊዚክስ መምህር ደግሞ በሴኮንድ ሜትር ካላሉት አይሰማም፤ እርሱንም በ3.6 አባዝቶ ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት ማድረስ ቀላል ነው።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን ዕለትን እያንዳንዱ 24 ደቂቃ በሚሆን 60 ኬክሮስ ከፍለው ሲያበቁ፣ በዚህ መለኪያ የሮጠ ሰው እስካሁን አልተመዘገበም። ጉድለቱን ለማረም ያህል፣ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ 42.195 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲፈጽም፣ ፍጥነቱ በሰዓት 18.7 ኪሎ ሜትር፣ ወይም 11.6 ማይል፣ ወይም 10 ኖት፣ በኬክሮስም 7 ኪሎ ሜትር ተኩል እንደ ነበረ እነሆ አስልተናል። ሯጮች ራሳቸው ነገሩን ገልብጠው አንዱን ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ ብለው ስለሚጠይቁ፣ በእነርሱ ቋንቋ 3 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ይባላል።

ሊቃውንቱ ሁሉ ዘንግተውት የኖሩት ፍጥነት ግን የተሰናባች እንግዳ ነው። እንግዳዪቱ «እንግዲህ ልነሣ» ባለች ጊዜ፣ ባለቤቲቱ «ምነው እትዬ፣ በረካውን ሳይቀምሱ!» ትላታለችና የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሥታ፣ ደፍ ላይ ስትደርስ የመጣችበት ዋናው ጉዳይ ትዝ ይላታል፤ እርሱም ቆሞ ይነገራል። የግቢው በር ዘንድ፣ አንድ እጇ መወርወሪያውን እንደ ያዘ፣ የታመመው ዘመድ፣ የተጣሉት ባልና ሚስት፣ የጤፍም ዋጋ በየተራቸው ይነሣሉ። ከመቀመጫው እስከ በሩ 12 ሜትር፣ ጊዜውም ሁለት ኬክሮስ ነው ብንል (ይህም ለእንግዳዪቱ አድልተን ነው) ፍጥነቷ በሰዓት 15 ሜትር፣ በሴኮንድ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በባሕርም ቢሆን ከአንድ ኖት መቶኛ እጅ ያነሰ ይሆናል። በሯጮች ስሌት አንዱን ኪሎ ሜትር በ66 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ትጨርሰዋለች።

እስከዚህ ድረስ ምንዛሪው አላስቸገረንም። ችግሩ የተነሣው ባለቤቲቱ እንግዳዋን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ከሸኘች በኋላ፣ እንግዳዪቱ በተራዋ «ብቻሽንማ አትመለሺም» ብላ እስከ በሩ በሸኘቻት ጊዜ ነው። መነሻና መድረሻ አንድ ሆነዋልና፣ በዚህ ጉዞ ወደ ቤቷ የቀረበችበት ፍጥነት በማይልም፣ በኖትም፣ በኬክሮስም ዜሮ ነው፤ ባለቤቲቱም «ከተመለሱማ ይግቡ» ብላ ጀበናውን እንደ ገና ጥዳለች።