ቴአትር በካርቶን

ቴአትር ሲያልቅ ሕዝቡ ወደ በሩ ይጋፋል። መጋረጃው ሳይዘጋ ስልኩን የሚከፍት አለ። ታክሲ እንዳያመልጠው የሦስት ሰው እግር ረግጦ የሚያልፍ አለ። ያለቀሰበትን መሐረብ ቶሎ ኪሱ የሚከት ጎረምሳም አይጠፋም። በዚያ ግርግር መሐል ወደ ወንበሮቹ ሥር ጎንበስ ቀና የሚል ሰውዬ ካያችሁ ምንም ዕቃ አልጠፋበትም፤ እኔ ነኝ። ሰው ተቀምጦባቸው፣ ረግጧቸው፣ ማስቲካ ጠቅልሎባቸው የተዋቸውን ብሮሹሮች እየለቀምኩ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የጽዳት ሠራተኞቹ «ወንድሜ፣ ምን ጠፋህ?» እያሉ አብረውኝ ይፈልጉ ነበር። ነገሩ ሲገባቸው ግን በመጥረጊያቸው ወደ እኔ ይገፉልኝ ጀመር።

ሰው የሚሰበስበው አያጣም። ቴምብር የሚሰበስብ አለ፣ የድሮ ሳንቲም የሚሰበስብ አለ፣ የቦታ ካርታ የሚሰበስብም አለ (ይኸኛው እንኳ ብልህ ነው)። የእኔ ሀብት ብሮሹር፣ የመግቢያ ቲኬት፣ የምርቃት ጥሪ ካርድና ከግድግዳ ላይ የተላጠ ፖስተር ነው። ጥሪ ካርዶቹ አብዛኞቹ «ክቡር» ብለው ጀምረው «ከነባለቤትዎ» ብለው ያበቃሉ። አንድም የእኔን ስም የያዘ የለም፤ ሁሉንም ያገኘሁት መሬት ላይ ነው። ከሞትኩ በኋላ ካርቶኖቼን የሚከፍት ሰው፣ በየጊዜው ሚኒስትር፣ አምባሳደርና የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ እንደኖርኩ ቢጽፍ አልፈርድበትም።

«ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል። ዛሬ ማታ መድረክ ላይ የታየ ነገር ዛሬ ማታ አልቋል። የጸጋዬ ገብረ መድኅንና የመንግሥቱ ለማ ተውኔቶች ታትመውልናል፤ «ጠልፎ በኪሴ»ን ቤቱ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው አሁንም ብቻውን ይስቃል። ግን በሀገር ፍቅር፣ በራስ፣ በማዘጋጃ ቤትና በብሔራዊ ከታዩት ውስጥ መጽሐፍ ለመሆን የታደሉት ጥቂቶች ናቸው። የብዙዎቹ ጽሑፍ ደራሲው መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል፤ መሳቢያውም ደራሲውም የት እንደገቡ የማይታወቅበት ጊዜ አለ። ያኔ እገሌ ንጉሥ ሆኖ፣ እገሊት ደግሞ ምቀኛ ጎረቤት ሆና እንደሠሩ የሚመሰክረው ያ ሁለት ላይ የታጠፈ ወረቀት ብቻ ነው። ቁም ነገሬ ይኸው ነው፤ አሁን ወደ ቧልቴ ልመለስ።

ብሮሹር እንዴት እንደሚነበብ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሽፋኑ ላይ ዋናዋ ተዋናይት ወደ ጎን ታያለች፣ ዋናው ተዋናይ ወደ ታች ያያል፣ ከመሐላቸው መብረቅ ይወርዳል። ኮሜዲ ከሆነ መብረቁ ይቀርና ሁሉም አፋቸውን ይከፍታሉ። ሲገለጥ የቤቱ ሥራ አስኪያጅ መልዕክት ይመጣል። ይህን መልዕክት እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው በአገራችን ካለ እኔ ብቻ ነኝ። ኪነ ጥበብ ለአገር ዕድገት ስላለው ፋይዳ ይጀምርና መልካም መዝናናት ተመኝቶ ይሰናበታል። ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፣ መንግሥት ይቀየራል፣ መልዕክቱ ግን አይቀየርም። ከዚያ የቴአትሩ ጭብጥ፦ ፍቅር፣ ክህደት፣ ገንዘብ። ከዚያ ምስጋና። በምስጋናው ፈጣሪ ይቀድማል፣ ስፖንሰር ይከተላል፣ የደራሲው ባለቤት «ላሳየችው ትዕግሥት» ተብላ ጥግ ላይ ትገባለች። የመጨረሻው ገጽ የሥጋ ቤት ማስታወቂያ ነው። ትራጄዲ አይቶ ልቡ የተሰበረ ተመልካች ወረቀቱን ሲያገላብጥ ክትፎና ጥብስ ይጠብቁታል።

ከሁሉም የምሳሳላቸው የፊደል ስህተት ላለባቸው ነው። አንዱ ላይ «አዘጋጅ» የሚለው «አዛጋጅ» ተብሎ ታትሟል። ቴአትሩን አይቼዋለሁና ስህተት ነው ብዬ አልምልም። በእስክሪብቶ የታረሙትም ቦታቸው የተለየ ነው። የአንዱ ተዋናይ ስም ይሰረዝና ከጎኑ የሌላ ሰው ስም በእጅ ይጻፋል። አንዳንዴ የመጀመሪያው ታሟል፣ አንዳንዴ ከአዘጋጁ ተጣልቷል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያቺ የእስክሪብቶ ሰረዝ የአሜሪካ ቪዛ ናት።

ቲኬት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። በር ላይ የሚቆሙት ሰዎች ሥራቸው መቅደድ ነው፤ የእኔ ልመና ደግሞ አለመቅደድ። «በጠርዟ በኩል ብቻ፣ ትንሽ» እላለሁ። አንዳንዱ ደግ ነው፣ ጥፍሩን ያህል ቆንጥሮ ያሳልፈኛል። አንድ ሰውዬ ግን ነበሩ፤ ልመናዬን በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ ቲኬቱን ልክ ቀኑ ላይ ለሁለት ይሰነጥቁታል። ቀኑን ለምን እንደሚመርጡ ስጠይቃቸው «መሐሉ እሱ ነዋ!» አሉኝ። እንግዲህ አንድ ካርቶን ሙሉ ግማሽ ቲኬት አለኝ፤ ግማሹን ቀን እኔ ይዣለሁ፣ ግማሹን እሳቸው።

የማላገኛቸውን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው ተመልሰው በአማርኛ የመጀመሪያውን ቴአትር፣ «ፋቡላ»ን ጻፉ። ተዋናዮቹ አውሬዎች ነበሩ። መኳንንቱ ሆቴል ተጠርተው አዩት። እዚያው ሳሉ ሳይስቁ አልቀሩም፤ ቤታቸው ገብተው የትኛው አውሬ ማን እንደሆነ ማስላት ሲጀምሩ ግን ሳቁ የከሰመ ይመስለኛል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነውና ነገሩ በእገዳ ተቋጨ። ያው ደራሲ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። አንበሳና ቀበሮን በአንድ መድረክ ያስማማ ሰው ሕገ መንግሥት ምን ይከብደዋል? የዚያች ምሽት ብሮሹር ኖሮ ቢሆን፣ ሚናዎቹ የተዘረዘሩባትን ገጽ ለማየት ደመወዜን እሰጥ ነበር።

ሁለተኛው ምኞቴ የጥንቱ የሀገር ፍቅር ነው። ጣልያን ለወረራ ሲያኮበኩብ በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተመሠረተው ይህ ቤት፣ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር በነበረበት ዘመን የሴቷን ሚና ለወንድ ይሰጥ ነበር። «ሙሽሪት - አቶ እገሌ» የሚል ወረቀት በእጄ ቢገባ በመስታወት አስገብቼ ሳሎን እሰቅለው ነበር። አከራዬ ምን እንደምትል እግዜር ይወቅ።

ሦስተኛው ደግሞ የ1948ቱ ነው። ጣልያኖች ለሲኒማ ጀምረው ትተውት የሄዱት ሕንፃ ተጠናቆ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ሲመረቅ የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ታየ። ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቤት ማለት ነው። አንድ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ይህችን ወረቀት አየኋት ብሎ በእናቱ ማለልኝ። ቀብድ ተቀበለኝ። ሞሪስ ካልካ ከሠራው አንበሳ ሥር፣ እዚያው ብሔራዊ ፊት ለፊት ቀጠረኝና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከጃኬቱ ውስጥ አወጣ። ፈታሁት። የ1984 ዓ.ም. ነበር። «አራትና ስምንት አይደል እንዴ ያልከው? ሁለቱም አሉበት» አለኝ፤ ፊቱ ላይ አንዳች እፍረት የለም። ቀሪውን ሒሳብ ከፍዬ ወሰድኩት። እሱም አልነበረኝማ!

ሆኖም ዕድል ሁልጊዜ በነጋዴ በኩል አትመጣም። አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ቆሎ ገዝቼ ስቆረጥም ጥቅሉ ላይ የማውቀው ፊት ፈገግ ብሎ አየኝ። ዘረጋሁት። በአንድ ወቅት በጣም ያሳቀን የኮሜዲ ቴአትር ብሮሹር ነው! ግማሽ ገጽ፤ የተዋንያኑ ዝርዝር «ሁለተኛ ጎረቤት» ላይ ይቆማል። ሮጬ ተመለስኩ።

«እማማ፣ ይቺን ወረቀት ከየት አገኟት?»

ደንብ አስከባሪ መሰልኳቸው መሰለኝ፣ ሰፌዳቸውን ሸክፈው ብድግ አሉ። አይደለሁም ብዬ ብምልም ቆሎ ሻጭን ስለ ወረቀት የሚጠይቅ ጤነኛ ሰው አይተው አያውቁም።

«ከባለሱቁ በኪሎ ነው የምገዛው፤ ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«ምንም። የቀረውን ወረቀት ይሽጡልኝ።»

«ወረቀት አልሸጥም። ቆሎ ነው የምሸጠው።»

ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። እሳቸው ከንግድ ሕጋቸው ፍንክች አይሉም፣ እኔም ከሱሴ። አንድ ብርጭቆ ቆሎ ገዛሁ፤ በእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት ጠቀለሉልኝ። ሌላ ገዛሁ፤ የሥራ አስኪያጁ መልዕክት መጣ። ሌላ ገዛሁ፤ የሰው የመብራት ሒሳብ። ነገሩ ሲገባቸው ሴትዮዋም ነቁ፦ ብሮሹሩን ከሥር አድርገው ፈተናውን ያስቀድሙብኝ ጀመር። ያን ሳምንት ቁርሴም ምሳዬም ቆሎ ነበር። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጾም የያዝኩ መስሏቸው አደነቁኝ። «ሦስተኛ ጎረቤት»ን ማን እንደሠራው የሚናገረውን ገጽ ግን አንድ ተማሪ ከትናንት ወዲያ ለውዝ ገዝቶበት ሄዷል። ልጁ የት እንደሚማር እንኳ ጠይቄ ነበር። አልነገሩኝም፤ እውነትም ባይነግሩኝ ይሻላል።

ከቤተሰቤ ካርቶኖቼን የምታከብር አክስቴ ብቻ ናት። እሷ ቴአትር ቤት ገብታ አታውቅም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ግን ወጥ እያሳረረች ሰምታዋለች። እስከ ዛሬ ጉዱ ካሣ ማለት ለእሷ ያ ድምፅ ነው። ካርቶን ስፈታ ደርሳ የወጋየሁ ፎቶ ያለበት ወረቀት አገኘች። ዝም ብላ ብዙ አየችው። «እንዲህ ነበር እንዴ መልኩ?» አለች፤ ቅር ያላት ትመስላለች፣ በሐሳቧ ሌላ መልክ ሰጥታው ኖራለች። ከዚያ «አይቼ እመልስልሃለሁ» ብላ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስገባችው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ደግሞ ዕቃ አውጡልኝ ተብሎ አይጠየቅም።

ወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ደህና ነበር። አንድ ጊዜ ግን ሱሴ ወደ መድረክ ቁሳቁስ አሻገረኝ። የአንድ ሰፈር አማተር ክበብ ሲበተን ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሚጠጣትን ሽጉጥ ወረስኩ። ከእንጨት ተጠርባ ጥቁር ቀለም የተቀባች፣ ከሩቅ ሲያዩዋት የምታስደነግጥ ናት። በፌስታል ይዣት ስሄድ መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የቴዎድሮስ ሽጉጥ ነው።»

«ቴዎድሮስ ማን?»

«አፄ ቴዎድሮስ።»

ፖሊሱ ለጥቂት ጊዜ አየኝ። «ፈቃድ አለው?»

«ማን፣ ንጉሡ?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ጥግ ያዝ ተባልኩ። የእንጨት መሆኗን በጥፍር ፍቀው ካረጋገጡ በኋላም «ለምን ያዝከው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ታጣለት፤ ለራሴም መልሼው ስለማላውቅ። ያዳነኝ ወጣቱ ባልደረባቸው ነው። ትምህርት ቤት ሳለ ገብርዬን ሆኖ ሠርቶ ኖሯል። ሽጉጧን ተቀበለኝና እዚያው አስፋልቱ ዳር ንጉሡ እንዴት እንደያዛት፣ እኛ ሰፈር እንዴት አሳስተን እንደምንይዛት አሳየን። ወረፋ ላይ የነበሩት ሰዎች አጨበጨቡ። ብሮሹር ያልታተመለት ምርጥ ትወና!

አሁን አሁን ማስታወቂያው በቴሌግራም ይመጣል፤ ብሮሹር የማያድሉ ምርቃቶችም በዝተዋል። «እያዩ ፈንገስ»ን ለማየት የሄድኩ ቀን ግሩም ዘነበ ያን ሁሉ ሰዓት አንድ ብቻውን መድረኩን ሲሞላው ሳይ፣ በአድናቆቴ መሐል ያለቦታው የገባው ሐሳብ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? የተዋንያን ዝርዝሩ አንድ መስመር መሆኑ፣ ለማስቀመጥም ምቹ መሆኑ።

ቤት በቀየርኩ ቁጥር ካርቶኖቹ ይበዛሉ፣ ቤቱ ይጠብባል። የመጨረሻው ተሸካሚ «ምንድን ነው እንዲህ የሚከብደው?» ሲለኝ «ቴአትር ነው» አልኩት፤ ለቴአትር ተብሎ ዋጋ ተጨመረብኝ። አከራዬም ወይ እሷ ወይ ካርቶኖቹ ከግቢው እንደሚወጡ አስጠነቀቀችኝ። እሷ የምትወጣበት ምክንያት ስለሌለ አማራጩ ግልጽ ነበር። ቁራሌው ተጠርቶ መጣ፣ ከፈተ፣ ገለጠ፣ «ብረት የላችሁም?» ብሎ ሄደ። እኔም ለአገር ቅርስ ይሁን ብዬ ሁለቱን ካርቶን ተሸክሜ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ።

የመዝገብ ሠራተኛዋ ጨዋ ነበረች። ወንበር ሰጠችኝ፤ ፎርም ሰጠችኝ። «የንብረቱ ባለቤት» የሚለውን ሞላሁ። «ንብረቱ የተገኘበት ሁኔታ» የሚለው ላይ «ከወንበር ሥር» ብዬ ጻፍኩ።

«ንብረቱ የእርስዎ ለመሆኑ ደረሰኝ ያስፈልጋል» አለችኝ።

በሕይወቴ የዚህን ያህል ዝግጁ ሆኜ የተገኘሁበት ቀን የለም። ሁለተኛውን ካርቶን ከፍቼ የዓመታት ቲኬቶቼን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩ። አንዱን አነሣች፣ አገላበጠች። ሌላውን አነሣች። ከዚያ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች።

«እነዚህ እኮ ሁሉም የተቀደዱ ናቸው፤ የተቀደደ ደረሰኝ አንቀበልም።»

ካርቶኖቼን ይዤ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ ወንበር ይዘዋል ብሎ የሦስት ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ። ቲኬት ስጠኝ ብለው ሳቀብኝ።