መለዋወጫ የጠፋባትን ልብስ ማጠቢያ ማሽን በሕይወት ስለማቆየት፦ በአንድ መታጠቢያ ቤት የተካሄደ ጥናት

1. የጥናቱ ዳራ

የዚህ ጥናት ዓላማ መለዋወጫዋ ከገበያ የጠፋ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ለምን እንደማትሞት መመርመር ነው። ናሙናው አንድ ማሽን ነው። አነሰ የሚል ተቺ ካለ፣ ማሽኗን ሊፍት ከሌለው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ አውርዶ መልሶ ያውጣት፤ ያኔ ናሙናው በቂ መሆኑን በወገቡ ይረዳዋል።

ማሽኗ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራች፣ ከፊት የምትከፈት፣ ጀርመን ያለችው እህቴ በኮንቴይነር የላከችልን ናት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ አምራቾች አንድን ሞዴል ለገበያ ማቅረብ ካቆሙ በኋላ ቢያንስ ለ10 ዓመት መለዋወጫ እንዲያቀርቡ፣ ሲታዘዙም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያደርሱ ተገደዋል። የእኛዋ ከደንቡ በፊት ተወልዳለችና አልደረሰላትም። አንድ አስመጪ ዘንድ ጠይቀን ያገኘነው መልስ «ሞዴሉ ቆሟል» የሚል ነው። ማሽኗም በዚያው ሳምንት ቆማ ስለነበር መልሱ ከመስክ መረጃው ጋር የተጣጣመ ሆኖ ተገኝቷል።

2. ነባር አስተምህሮዎች

በዘርፉ ሦስት አስተምህሮዎች አሉ። የመጀመሪያው «ከዱባይ ይመጣል» ነው። ተከታዮቹ ዕቃው ዱባይ እንዳለ፣ የሚያመጣው ልጅም የፊታችን ሳምንት እንደሚገባ ያምናሉ። ልጁን ያየው ሰው የለም። አባቶች ይህን የአቅርቦት ሰንሰለት «ላም አለኝ በሰማይ» በሚል ርእስ ቀድመው አጥንተውታል። ሁለተኛው «እናስገጥመዋለን» ሲሆን፣ ከሌላ ነገር ላይ የተነቀለ ዕቃ በትዕግሥትና በሞረድ የማይገጥምበት ቦታ የለም ይላል። ሦስተኛው «ዳይሬክት» ነው፤ የጠፋው ዕቃ ከመጀመሪያውም አላስፈለገም ብሎ ይነሣና ሁለቱን ሽቦ ያገናኛል።

3. ግኝት አንድ፦ ስለ ኩሽኔታ

ማሽኗ ስትጨምቅ የምታሰማው ድምፅ ወደ ወፍጮ ቤት ተለወጠ። ከታች ያሉት ጎረቤት እህል ይዘው ባይመጡም፣ ደረጃ ላይ ሲያገኙን ሰላምታቸው አጠረ። መካኒክ ተጠራ። «ማዘር፣ ይቺ እኮ የጥንት ዕቃ ናት፤ የዛሬዎቹ ላስቲክ ናቸው» ብሎ እናቴን ካጽናና በኋላ ክዳኑን ፈታ። ቀድሞ የወጣው የኮንክሪት ድንጋይ ነበር።

«ከፈረንጅ አገር ድረስ ድንጋይ ጭና ላከችልን?» አለች እናቴ።

ድንጋዩ የሚቀመጠው፣ ድራሙ በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲሽከረከር ወደ አንድ ጎን የተከመረው እርጥብ ልብስ ማሽኗን ይዟት እንዳይሄድ ነው። እናቴ ማብራሪያውን በጥሞና ሰማች። ሆኖም ሙገር ባለበት አገር ለሲሚንቶ የመርከብ ኪራይ የተከፈለበትን ምክንያት ጥናቱ እስካሁን ሊያስረዳት አልቻለም።

ኩሽኔታ ብቻውን አይሞትም። መጀመሪያ ውሃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት ያልቃል፤ ከዚያ ውሃ ገብቶ ግሪሱን ያጥባል። ማሽኗ በዘመኗ ካጠበችው ሁሉ አጥርታ ያጠበችው ይህንን ግሪስ ነው። የቀረውን ዝገት ይጨርሰዋል። መካኒኩ ኩሽኔታውን በመዶሻና በቁራጭ እንጨት አስወጥቶ፣ አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ጠርዙን ሲያሸው ከዝገቱ ሥር ቁጥር ብቅ አለ፦ 6205።

መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድን። ሻጩ የማሽኗን ስምም፣ አገርም፣ ዕድሜም አልጠየቀም። «ባለ ጎማ ነው ባለ ብረት?» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። 6205 የትም ይሠራ የት፣ ቀዳዳው 25፣ የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው፤ የውሃ ፓምፕ ይሁን ልብስ ማጠቢያ ግድ የለውም። ሞዴሉ ቆሟል የተባለላት ማሽን ዕቃ ከመደርደሪያ ላይ ወረደ። ስለዚህ መለዋወጫ የሚጠፋው በስሙ ሲጠሩት ነው፤ በቁጥሩ ሲጠሩት አቤት ይላል።

4. ግኝት ሁለት፦ ስለ መግጠምና ስለ ዳይሬክት

ቁጥር የሌለው ዕቃ ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። የተቀደደው የበሩ ጎማ በካላማዳሪያና በማስቲሽ ተለጠፈ፤ ጎሚስታው ሥራውን ሲጨርስ ከልማድ የተነሣ ንፋስ የሚሞላበትን ቀዳዳ ፈልጓል። የሞተሩ ካርቦን በግራይንደር ካርቦን ተተካ፤ ትልቅ ስለነበር በብርጭቆ ወረቀት እስኪገባ ድረስ ተሞረደ። የበሩ መቆለፊያ ዳይሬክት ተደረገ፤ ማሽኗ ከእንግዲህ በሩ ክፍትም ሆነ ዝግ እንደተዘጋ ታምናለች።

ጥናቱ እዚህ ላይ አንድ ሕግ አግኝቷል፦ ከማሽኑ ላይ የተነሣ ሥራ ሁሉ ወደ ሰው ይዛወራል። በሩ ስለማይቆለፍ እኔ በጉልበቴ ደግፌ እይዘዋለሁ። ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ ያውም በቀጭኑ ስለሚመጣ፣ ማሽኗ ራሷ መሳብ አትችልም፤ እናቴ በጆግ በዱቄት ሳሙናው መሳቢያ በኩል ትጨምራለች። መንቀጥቀጡን የሚይዙት የሥር ዘንጎች ስላለቁ የወንድሜ ልጅ በመጭመቂያው ሰዓት ላይዋ ይቀመጣል። ከዚህ በመነሣት «አውቶማቲክ» ለሚለው ቃል የሚከተለው ፍቺ ቀርቧል፦ ሦስት ሰው ብቻ የሚፈልግ።

5. መደምደሚያ

ለዚህች ማሽን መለዋወጫ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣ ነበር። እናቴ የውሃ ቫልቭ ናት፣ የወንድሜ ልጅ ዘንግ ነው፣ እኔ የበር ቁልፍ ነኝ። ማናችንም ኦሪጅናል አይደለንም፤ ግን ገጥመናል።

6. የጥናቱ ውስንነትና ምክረ ሐሳብ

የወንድሜ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዷል። ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ከተመደበ በእሱ ክብደት ሌላ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ሞዴሉ ቆሟል። አንባቢም ማሽኑ ደህና ሳለ የኩሽኔታውን ቁጥር አስነብቦ ግድግዳ ላይ ይጻፍ።

ጥናቱን ከዚህ በላይ መቀጠል አልተቻለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ውሃ መጥቷል። እናቴ ጆጉን አንሥታ ትጣራለች፤ በሩን መያዝ አለብኝ።