ውዳሴ እሾህ

በዘመናችን ከተስፋፉት የቤት ውስጥ ጥበባት ሁሉ፥ ካክተስን እንደ ማሳደግ ያለ፥ ለባለቤቱ ክብርን፥ ለጎረቤቱ መደነቅን፥ ለእንግዳው ደግሞ የተወጋ ጣትን ባንድነት የሚያስገኝ ጥበብ እንደሌለ አስተዋይ የሆነ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ጽጌረዳ የሚተክል ሰው መዓዛዋን ይሻል፤ ጎመን የሚተክልም ወጡን ያስባል፤ ሁለቱም ከተክላቸው ዋጋ የሚጠብቁ ናቸውና ፍቅራቸው ንጹሕ ነው ለማለት ያስቸግራል። ካክተስ አፍቃሪው ግን ጥላ የማይሰጠውን፥ እጁን ቢሰድለት የሚወጋውን ፍጥረት በመስኮቱ ደፍ ላይ ደርድሮ፥ ዓመቱን ሙሉ የጣት ውፍረት ያህል እንኳ አለማደጉን በጽሞና ሲመለከት ይኖራልና፥ እንዲህ ያለ ከጥቅም የጸዳ ፍቅር ከቅዱሳን ገድል በቀር ከወዴት ይገኛል?

ተክሉ ራሱ በባሕርዩ ባሕታዊ ነው። የካክተስ ወገን ከአንድ ዝርያ በቀር ሁሉም የአሜሪካ አህጉር ብቻ ተወላጅ ሲሆን፥ ከመካከሉ በበረሃ የሚኖረው ቅጠሉን ወደ እሾህ ለውጦ፥ ግንዱን የውሃ ጎተራ አድርጎ፥ ቀን የፀሐዩ ትኩሳት ሲበረታ የመተንፈሻ ቀዳዳውን ዘግቶ፥ ሌሊት ብቻ እየከፈተ በታላቅ ተጋድሎ ይኖራል። አፍቃርያኑ ይህን የምናኔ ኑሮ በሰሙ ጊዜ ልባቸው እጅግ ስለ ተነካ፥ ባሕታዊውን ከበረሃው አውጥተው በሳሎናቸው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጡት፤ ጾሙንም እያደነቁ በየማለዳው ያጠጡታል። በየቤቱ የሚሞተው ካክተስ ብዙውን ጊዜ በጥም ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው የሚሞተው፤ ሥሩ ውስጥ ውስጡን ሲበሰብስ ላዩ ለብዙ ሳምንት አረንጓዴ እንደ ሆነ ስለሚቆይ፥ ባለቤቱ ሬሳ እያጠጣ በትዕግሥቱ ይመሰገናል።

ነገር ግን ማጠጣት የምእመናን ሥራ ነው፤ የሊቃውንቱ ሥራ ስም መለየት ነው። እንግዳ ወደዚህ ዓይነት ሊቅ ቤት ቢሄድ፥ ወንበር ሳይቀርብለት ማጉያ መነጽር ይቀርብለታል። በመነጽሩም ከእሾሁ ሥር ያለችውን፥ ምስር የምታህለውን ጸጉራም ትራስ እንዲያይ ይታዘዛል፤ ስሟ አሪዮል ነው፤ እሾሁም አበባውም የሚወጡት ከርሷ ነው፤ ካክተስንም ካክተስ ካልሆነው እሾሃም ሁሉ የምትለየው እርሷ ናት። ይህ እውነት ነው፤ አንድ ደቂቃም በቂው ነበር። ሊቁ ግን የመካከሉን እሾህ ከዳር ዳሩ ለይቶ መቁጠር ይጀምራል፤ ቆጥሮ ሲጨርስም መጽሐፉ ከሚለው አንድ ቢበልጥበት ተጠራጥሮ እንደ ገና ይቆጥራል፤ ቡናው በዚህ መካከል ይቀዘቅዛል።

የስሙም ታሪክ ራሱን የቻለ ጉባኤ ነው። የዕፅዋት ሊቁ ካርል ሊኔየስ በ1753 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዘመኑ የታወቁትን ካክተሶች ሁሉ በአንድ ወገን ጠቅልሎ ጻፋቸው። አሜሪካውያኑ ብሪተንና ሮዝ ከ1919 እስከ 1923 ባሳተሟቸው አራት ቅጾች በብዙ ወገን ከፋፈሏቸው፤ ጀርመናዊው ኩርት ባክበርግ ደግሞ ከ1958 እስከ 1962 ባወጣቸው ስድስት ቅጾች የተከፈለውን እንደ ገና ከፈለው፤ ከርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ግን ብዙውን መልሰው አንድ አደረጉት። ቤተ ክርስቲያን የጥምቀትን መደገም ስታወግዝ፥ ከአርጀንቲና የመጣው ያ ጣት የሚያህል፥ ቀይ አበባ የሚያወጣ ትንሽ ካክተስ በመጀመሪያ ሴሬውስ፥ ቀጥሎ ካማይሴሬውስ፥ ከዚያ ሎቢቪያ፥ ኋላም ኤኪኖፕሲስ ተብሎ አራት ጊዜ ተጠምቋል። ከዚህም የተነሣ አፍቃሪው ከአንዱ ሻጭ ሎቢቪያ፥ ከሌላው ኤኪኖፕሲስ ሲል አንዱን ተክል ሁለት ጊዜ ገዝቶ፥ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፥ በመካከላቸው ያለውን ረቂቅ ልዩነት ለእንግዳው በሰፊው ሲያስረዳ ይገኛል።

የገበያውም ብልሃት ከሊቃውንቱ ትምህርት አያንስም። አናቱ ደማቅ ቀይ ወይም ብጫ ሆኖ የሚሸጠው ትንሽ ካክተስ፥ አረንጓዴ ሐመልማል የሌለው በመሆኑ ራሱን ሊመግብ የማይችል ነው፤ ስለዚህ ተቆርጦ በሌላ አረንጓዴ ካክተስ አናት ላይ ይጣበቃል፤ የታችኛው እየሠራ የላይኛው ይበላል፤ የሁለቱ አለመስማማት ሲጸና ግን የላይኛው ብዙ ጊዜ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሞታል። ሌላው ደግሞ የደረቀ አበባ በትኩስ ሙጫ አናቱ ላይ ተለጥፎበት ለገበያ ይቀርባል፤ ገዥውም ክረምት ከበጋ የማይረግፍ አበባ በማግኘቱ ፈጣሪውን ያመሰግናል። እሾህ ለመቁጠር መነጽር የሚያነሣ ዓይን ሙጫውን አለማየቱ ከዚህ ጥበብ ምሥጢራት አንዱ ነው።

በአገራችን ደግሞ የዚህ ጥበብ ተከታይ ልዩ ጸጋ ተሰጥቶታል። በአባቱ አጥር ላይ የቆመውን ቁልቋል እንደ ባላገር ነገር ንቆ ያልፈዋል፤ የዚያኑ ዘመድ በተቀባ ሸክላ ተተክሎ ከከተማ ችግኝ ሻጭ ቤት ሲያገኘው ግን ካክተስ ነው ብሎ ዋጋ ሳይከራከር ይገዛዋል። ቁልቋል ካክተስ አይደለም፤ አሪዮል የለውም፥ እሾሁም ሁለት ሁለት ሆኖ ይወጣል፥ ሲቆረጥም ዓይን የሚጎዳ ነጭ ወተት ይፈሰዋል። እውነተኛው ካክተስ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ትግራይ የገባው በለስ ነው፤ እርሱንም የትግራይ ሕፃናት ክረምት በመጣ ቁጥር እየለቀሙ፥ እሾሁን አራግፈው፥ ልጠው ይበሉታል እንጂ በመነጽር አይመረምሩትም። ለቀለም ይሆናል ተብሎ የገባው ኮቺኒል የተባለው ተባይ ይህን በለስ በየተራራው ሲያደርቀው፥ በመስኮታቸው ላይ ስላለው ሸክላ ሌሊት የማይተኙት አፍቃርያን ግን ዋይታ ሲያሰሙ አልተሰማም፤ በለስ ስም ተጽፎ የሚሰካበት ሸክላ የለውምና።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ የሚያስቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ብዕሬን በዚህ ባቆምኩ ነበር። ዳሩ ግን የአፍቃሪው ፍቅር እየጸና ሲሄድ ከችግኝ ቤት የመጣ ተክል አያረካውም፤ በበረሃ ተወልዶ፥ በንፋስና በጸሐይ ተፈትኖ፥ ገላው የጠቆረ ሽማግሌ ካክተስ ያሰኘዋል። ስለዚህም በቺሌ የአታካማ በረሃ ከባሕር በሚመጣ ጉም የሚኖሩትን፥ እጅግ በዝግታ የሚያድጉትን ኮፒያፖዋ የተባሉትን ካክተሶች ከነሥራቸው የሚነቅሉለት ሰዎች ተነሡ። በ2020 የኢጣልያ ፖሊስ ከአንድ ሰብሳቢ ዘንድ ከአንድ ሺሕ በላይ የሆኑ እንዲህ ያሉ ተክሎችን ያዘ፤ በማግሥቱ ዓመትም ከስምንት መቶ የሚበልጡት በአውሮፕላን ወደ ቺሌ ተመለሱ። በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት ደግሞ፥ የመጀመሪያ ክንዱን ለማውጣት ብዙ ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሚፈጅበትን ሳጓሮ የተባለውን ካክተስ ከሌባ ለመጠበቅ፥ የብሔራዊ ፓርኩ ጠባቂዎች በገላው ውስጥ መለያ የኤሌክትሮኒክ ቅንጣት እስከ መቅበር ደርሰዋል። የካክተስ ወገን በሞላ ማለት ይቻላል፥ ከ1975 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት የሚጠበቅ ቢሆንም፥ በ2015 የወጣው ታላቅ ጥናት ከካክተስ ዝርያዎች 31 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው፥ ከምክንያቶቹም አንዱ ለግል ስብስብ መነቀል እንደ ሆነ ገልጧል። ስለዚህ አፍቃሪው፥ «ተፈጥሮን ስለምወድ ነው» ሲል ያልዋሸ መሆኑን እንመን፤ ተፈጥሮን እጅግ ከመውደዱ የተነሣ ከሥሯ ነቅሎ ወደ ቤቱ አስገብቷታልና።

ይህን ከንባቡ ያገኘው ካክተስ አፍቃሪ ቢቈጣ አይደንቅም፤ እሾህን ለመዳሰስ የለመደ እጅ ግን ጥቂት ሽሙጥ ሊያደማው አይገባም። ለርሱም የማቀርበው ምክር አጭር ነው፤ ገንዘብህን ከበረሃ ለመጣ ሽማግሌ አታውጣ፤ ዘር ግዛ፥ በአሸዋማ አፈር ዝራው፥ ከአበባው በፊትም ዓመታት ቆጥረህ ጠብቅ። የወርቅ በርሜል የሚባለው ክቡ ካክተስ በትውልድ አገሩ በሜክሲኮ ብርቅ እየሆነ ሲሄድ በዓለም ችግኝ ቤቶች ሁሉ የተትረፈረፈው ከዘር በማብቀል ነው። የሻጩ መዝገብ ከየት እንደ መጣ የማይናገርለትን ሽማግሌ ካክተስ የገዛ ሰው ግን፥ ስሙን በላቲን አሳምሮ ቢጠራም፥ የሌባ ተባባሪ ነው።