የዴንማርኩ፣ የሕንዱና የሦስተኛ ፎቁ ኢንሱሊን

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለ ኢንሱሊን ጥራት የሚጠራጠር ሰው የለም፤ ሁሉም እርግጠኛ ነው። ከብሎካችን ሥር ጀበና ቡና በምትሸጠው ልጅ ዙሪያ ሦስት ጎራ ተፈጥሯል፦ ዴንማርክ፣ አሜሪካና ሕንድ። ስኳር የሌለባቸው እንኳ ጎራ መርጠዋል። የዴንማርክን ወገን የሚመሩት የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ ናቸው፤ ከጡረታ በፊት አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። «የአውሮፓ ዕቃ ሳታየው በድምፁ ትለየዋለህ» ይላሉ። ኢንሱሊን ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው እስካሁን ደፍሮ የጠየቃቸው የለም።

የሕንዱ ወገኖች ሕንድን የመረጡት ኪሳቸው ስላዘዛቸው ነው። የተሰጣቸውን ይወጋሉ፣ ቡና ላይ ሲመጡ ይተረባሉ። የአሜሪካው ጎራ ቁጥሩ ትንሽ፣ ድምፁ ትልቅ ነው፤ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ በሻንጣ የሚልክላቸው ናቸው። አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የተጫነ ሻንጣ ብርድ ሊመታው ስለሚችል ኢንሱሊን በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው ቢባሉም አይሰሙም። «የአሜሪካ ዕቃ እኮ ነው!» አሜሪካውያኑ ራሳቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ዋጋው አልቀመስ ሲላቸው ተሰባስበው ድንበር እየተሻገሩ ከካናዳ ይገዙ እንደነበር ብነግራቸው፣ የሰው አገር ስም እንዳጠፋሁ ነው የቆጠሩብኝ።

የምድር ቤቷ እትዬ ግን ከአገሩ ይልቅ ዘሩ ነው ያሳሰባቸው። «ይሄ ነገር ከአሳማ ነው የሚሉት እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ላይ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን ለመጀመሪያ ጊዜ ከተወጋ በኋላ፣ 60 ዓመት ያህል ኢንሱሊን ይወጣ የነበረው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ሥራው ለዓይን ለማይታዩ ተሕዋስያን ተሰጥቷል። የአሜሪካው ሊሊ በባክቴሪያ ጀመረ፤ የዴንማርኩ ኖቮ ኖርዲስክ በዳቦ እርሾ ያሠራዋል፤ የሕንዱ ባዮኮንም በሌላ ዓይነት እርሾ።

«እርሾ?» አሉ እትዬ፣ ፊታቸው በርቶ። «ታዲያ ለእርሾ ዴንማርክ ድረስ ምን አስኬደን?»

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እርሾ የሚለውን ወሬ የሰሙ አንድ ጎረቤት መድኃኒታቸውን እንደ ጠላ ያዙት። የሚወስዱት ኤን ፒ ኤች የሚባለውን ነው። ይህ ኢንሱሊን ቀስ እያለ እንዲሠራ ተደርጎ ስለተዘጋጀ ሲቀመጥ ይዘቅጣል፤ ከመወጋቱ በፊት ብልቃጡን በሁለት መዳፍ መሃል ቀስ አድርጎ ማንከባለል ነው፣ ሳይንጡ፣ መልኩ ወተት እስኪመስል። ሰውዬው ግን ድፍርሱን አተላ ነው ብለው እስኪዘቅጥ ጠበቁና ከላይ ኮለል ያለውን ብቻ በሲሪንጅ መቅዳት ጀመሩ። መድኃኒቱን ከታች ትተው ውሃውን ይወጋሉ። ስኳራቸው አልወርድ ሲል ጥፋተኛ ለመፈለግ ብዙ አልደከሙም፦ ሕንድ።

ማስቀመጫው ላይ ሲደረስ ሦስቱም ጎራ ይታረቃል። መድኃኒት በበረደ ቁጥር ይጸናል ባዮች ናቸው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ መባሉን ሰምተዋል፤ 2 ጥሩ ከሆነ ከዜሮ በታችማ እንዴት ያለ ነው ብለው በረዶ ቤት፣ ከዶሮው ጎን ይከቱታል። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም መጣል እንጂ ሌላ መላ የለውም። ይህንኑ ለሦስተኛ ፎቁ ጋሼ ብነግራቸው በትዝብት አዩኝ። «ዴንማርክ ራሷ በረዶ አይደለችም እንዴ?»

መብራት የሄደ ማታ ደግሞ ደረጃው ላይ ብልቃጥ ይዞ የሚሯሯጠው ሰው ብዛት! ጄኔሬተር ያለው ሥጋ ቤት ይለመናል። ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው ብልቃጥ ከፀሐይና ከምድጃ ከራቀ ቤት ውስጥ መቀመጥ ይችላል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ እንደ ኬንያው ዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት 4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉ ፍሪጅ ከነበረው አላነሰም። ቱሉ ዲምቱ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ነፋሷ ጋቢ የሚያስደርብ ሰፈር ናት። ይኸው ሥጋ ቤት ሲለምን ያመሸ ሰው ግን እሑድ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ሲወርድ፣ ብልቃጡን የመኪናው የፊት መስታወት ሥር እንደ በርበሬ አስጥቶት ነው።

ቁጠባው ላይ ብዙ መፍረድ ያስቸግራል። የ10 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል፤ በቀን 20 ዩኒት ለሚወስድ ሰው 50 ቀን ይሄዳል። ከተከፈተ በኋላ ግን ዕድሜው እንደየዓይነቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። በብር የተገዛ መድኃኒት ደግሞ ሳያልቅ አፍሱ ቢባል ማን እጁ ይታዘዝለታል?

ካልተከፈተው ዕድሜ ጋር ያለን ጠብ ግን ሌላ ነው። ባለፈው የካቲት 2018 የአሜሪካው ጎራ ዋና ሰው አዲስ የመጣላቸውን ካርቶን ቡና ላይ ይዘው ወረዱ። ማብቂያው 04/2026 ይላል። ከመስከረም ጀምረው በጣታቸው ቆጠሩ፤ አራተኛው ወር ታኅሣሥ ሆነ። «ታኅሣሥ 2026! ስምንት ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? ጥራት ማለት ይሄ ነው!» የሕንዶቹ ወገን አንገቱን ደፋ። ጋሼም እንኳ ካርቶኑን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩት።

ለማረጋገጥ ይመስለኛል፣ ሰውዬው ካርቶኑን ፋርማሲ ወሰዱት። ፋርማሲስቷ ምንም ሳትል በእስክሪብቶ «ሚያዝያ 2018» ብላ ጻፈችበትና መለሰችላቸው። ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ተመለሱ።

«የሕንድ ወገን ናት መሰለኝ» አሉ ስኒያቸውን እየተቀበሉ፤ «በአንድ እስክሪብቶ ስምንት ዓመት ቀነሰችብኝ!»