የፎቶ አስተያየት አሰጣጥና አቀባበል አዋጅ ቁጥር 1/125

አማተር ፎቶ አንሺዎች እርስ በርስ ፎቶ ሲያሳዩ የሚሰነዘረው አስተያየት ከ«ዋው» እና ከ«ቀውጢ ነው» ፈቀቅ ባለማለቱ፤

«እጅህ ይባረክ» የተባለ እጅ እስካሁን መንቀጥቀጡን ባለመተዉ፤

በአንጻሩ «እውነቱን ልንገርህ» ባዩ ከፎቶው ተነስቶ ወደ ፎቶ አንሺው አስተዳደግ የሚሻገር በመሆኑ፣ በዚህም ሳቢያ ለዓመታት አብረው እንጦጦ የወጡ ጓደኛሞች ሰላምታ እስከ መነፋፈግ በመድረሳቸው፤

አሞጋሹም ነቃፊውም ፎቶውን በቅጡ ሳያዩ የሚናገሩ መሆናቸው በተግባር በመረጋገጡ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ ከላይ በተመለከተው ስሙ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ የሹተር ፍጥነት ይመስላል ለሚል ባለጉዳይ፣ ነው። በዚህ ፍጥነት ቆሞ የሚያወራን ሰው ጥርት አድርጎ ማንሳት ይቻላል፤ የሚሮጥ ልጅ ግን ያመልጣል። አዋጁም ከዚህ የበለጠ አቅም የለውም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ «አማተር» ማለት ከካሜራው የሚያገኘው ገቢ ለሌንስ ያወጣውን የማይመልስለት፣ ጓደኛው ሲያገባ ግን «ካሜራህን ይዘህ ና» የሚባል ሰው ነው። «አስተያየት» ማለት ፎቶው ላይ የሚታይን አንድ ነገር ጠቅሶ በተመልካቹ ላይ ምን እንዳደረገ የሚናገር ዐረፍተ ነገር ነው። «ዋው» አስተያየት አይደለም፣ ትንፋሽ ነው። «ካሜራህ ጥሩ ነው» የሚለው ደግሞ ስድብ ሆኖ በአንቀጽ 7 ያስቀጣል። በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል፤ አጠገቧ የቆመው ወንድ ፎቶውን ያነሳ መስሎ የሚሞገስባትን ፎቶ አንሺ ጨምሮ።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በጓደኛሞች መካከል ብቻ ተፈጻሚ ይሆናል። እናት የልጇን ፎቶ አይታ «ከስተሃል» ካለች ይግባኝ የለውም። ፎቶ ቤት ከፍላ የተነሳች ደንበኛም «አላማርኩም» ካለች ክርክር የለም፤ ድጋሚ ትነሳለች።

አንቀጽ 4፦ ስለ አቀራረብ

በፊልም ዘመን አንድ ጥቅል ቢበዛ 36 ፎቶ ስለሚወጣው ፎቶ አንሺው ሳይወድ በግድ ቁጥብ ነበር። የዛሬው አማተር ከአንድ በዓል በመቶዎች የሚቆጠር ፎቶ ይዞ ይመለስና ምርጫውን ለጓደኞቹ አውራ ጣት ይተወዋል። ስለሆነም አቅራቢ ከአምስት የማይበልጡ ፎቶዎችን መርጦ ያቀርባል፤ እንዲነገረው የሚፈልገው ስለ ፎከሱ ይሁን ስለ ታሪኩ አስቀድሞ ያሳውቃል።

አንቀጽ 5፦ ስለ አሰጣጥ

አስተያየት ሰጪ አፉን ከመክፈቱ በፊት የፎቶውን አራት ማዕዘን በዓይኑ ይዞራል። ከዚያም ዓይኑ መጀመሪያ የት እንዳረፈ ይናገራል። ይህን ፎቶ አንሺው ራሱ ሊያውቀው አይችልም፤ እሱ ቦታው ላይ ስለነበር የሚያየው ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ትዝታውንም ጭምር ነው።

ለማሳያ ያህል፣ አንድ አማተር ጥር 11 ቀን ጎንደር ከፋሲል መጠመቂያ ዳር ነጠላ የለበሱ፣ ጧፍ የያዙ እናት አንስቶ መጣ እንበል። ነጠላው ግራጫ ሆኗል፣ ፊታቸው ጨልሟል። «ጠቁረዋል፣ ኤዲት አድርገው» ማለት ክልክል ነው። የሚፈቀደው እንዲህ ያለው ነው፦ «ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እጃቸው ላይ ነው፤ የጧፉ አያያዛቸው ብዙ ይናገራል። ፊታቸው ግን ጠፋብኝ። ነጠላው ፍሬሙን ስለሞላው ካሜራው ተታሎ ይሆናል፤ ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ ከፍ ብታደርገውስ?» የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ የቀረበለት ነገር በአማካይ ግራጫ፣ በተለምዶው ስሌት ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ስለዚህ ጥፋቱ ያልተነካው የፕላስና የማይነስ ቁልፍ እንጂ የእናቲቱ መልክ አይደለም። አብዝቶ ከፍ ያደረገ ደግሞ የነጠላውን ሽመና ልሙጥ ነጭ ያደርገዋል፤ ሰጪው ይህንንም አብሮ ካልተናገረ ግማሽ ምክር ሰጥቷል።

መፍትሔው ሊሠራ የሚችል መሆን አለበት። በሚያዝያ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ግድም ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም የተነሺው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ይዋጣል። ያኔ «ብርሃኑ አላማረኝም» ከማለት «በረንዳው ጥላ ሥር አስጠግተው፣ ካልሆነም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተመለስ» ማለት ይሻላል። ፀሐይን ማንቀሳቀስ የሚጠይቅ አስተያየት ውድቅ ነው።

የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ያነሳ ሰው «ይሄ ፎቶማ አለ» አይባልም። የመስቀል ቅርጹ ጎልቶ የሚታየው ከላይ ነውና የት ይቁም? የሚጠየቀው የዚያ ቀን ብርሃንና የዚያ ቀን ሰው ምን እንደጨመሩ ነው። «እኔ ብሆን ኖሮ» ብሎ መጀመርም ተከልክሏል፤ ባዩ አልነበረም።

የተቸገረ ሰው ፊት በቀረበበት ፎቶ ላይ ስለ ፎከስ ከመነገሩ በፊት «ፈቅዶልሃል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ «አላየኝም» ከሆነ ስለ ፎከሱ የሚወራ ነገር የለም።

አንቀጽ 6፦ ስለ አቀባበል

ተቀባይ ሰጪው እስኪጨርስ ዝም ይላል። «የቆምኩበት ገደል ነበር»፣ «ሰው ገፍቶኝ ነው» የሚሉ ማብራሪያዎች እውነት ቢሆኑም ገደሉ ፎቶው ውስጥ እስካልታየ ድረስ አይጠቅሙም። የሌንሱን ቀዳዳ 1.8 ላይ ከፍቶ አፍንጫው የጠራ፣ ዓይኑ የደበዘዘ ፊት ያመጣ ሰው «ሆን ብዬ ነው» የሚለው መከላከያ ተቀባይነት የሚኖረው ሳይጠየቅ በፊት ከተናገረው ብቻ ነው። «አርት ነው» የሚለው በማናቸውም ጊዜ ተቀባይነት የለውም።

ተቀባይ የተባለውን ሁሉ የመፈጸም ግዴታ የለበትም። ሦስት ሰው ሦስት ነገር ካለ ፎቶው የራሱ ነው። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ጥግ ላይ ከተሰናከሉ ግን ያንን ጥግ ዳግም ማየት ይኖርበታል።

አንቀጽ 7፦ ቅጣት

«ዋው» ብሎ ያለፈ አንድ ማኪያቶ፣ «ካሜራህ ጥሩ ነው» ያለ የጠረጴዛውን ሙሉ ሒሳብ ይከፍላል። ከፎቶው ወደ ሰውየው የተሻገረ በሚቀጥለው ጊዜ የራሱን አምስት ፎቶ አምጥቶ ይቀመጣል። ይህ ከሁሉ የከበደው ቅጣት ነው፤ ነቃፊ ፎቶ አያመጣምና።

አንቀጽ 8፦ ተፈጻሚነት የሌላቸው ልማዶች

የደርግ ዘመን ሂስና ግለሂስም ሆነ ኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የተካሄደው ግምገማ በፎቶ ጉዳይ ላይ ተፈጻሚነት አይኖራቸውም። ፎቶ አንሺው ስለ ብዥታው ተነስቶ ራሱን እንዲያጋልጥ አይገደድም፤ ቃለ ጉባኤም አይያዝበትም።

አንቀጽ 9፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

በነጋሪት ጋዜጣ የሚያትመው ስላልተገኘ፣ ይህ አዋጅ ሦስት አማተሮች አንድ ጠረጴዛ ከከበቡበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።