ፈረሱ ተቆጠረ፤ ማርሹስ?

ትራክተር ሊገዛ የተነሳ ሰው አፉን የሚከፍተው «ስንት ፈረስ ነው?» ብሎ ነው። በሬ ሲገዛ ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰኮናውን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ ዓመሉን ያጣራል። ጥማድ በሬ ጉልበቱ ተደምሮ ከአንድ ፈረስ አይዘልም፤ ያም ሆኖ የወሎን ተረተር ሲያርስ ኖሯል። በሬ ያለው አንድ ማርሽ ነው፤ እሱም አንደኛ። ጅራፍ ቢጮህበትም ሁለተኛ አያስገባም። ደጎሎ ዙሪያ ዳገት ላይ ሣር ሊያጭድ ትራክተር የሚመርጥ ሰውም ከፈረሱ ቁጥር በፊት ማርሹን ቢጠይቅ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን፣ 25 ፈረስ የተጻፈበት ትንሽ ትራክተር በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር በሚነሳ ዳገት ላይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ልውጣ ቢል የራሱን ገላ ለመሸከም ብቻ 13 ፈረስ ይፈጃል። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ከሄደ ግን አራት ፈረስ ተኩል ይበቃዋል። ሞተሩ ያው፣ ዳገቱ ያው። በዚያ ላይ ደጎሎ ያለችበት የጃማ ደጋ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነውና አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ካታሎጉ ላይ ከተቆጠሩት 25 ፈረሶች አምስቱ መንገድ ላይ ቀሩ ማለት ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ ማሽኖች ያለ ቀረጥ እንዲገቡ ፈቅዷል፤ የከፍታውን ቀረጥ ግን የሚያነሳ መመሪያ አልወጣም። ነዳጅ ቀንሶ ዝግ ማለትም አያዋጣም። ፒቲኦ የሚባለው የኋላ ዘንግ ማጨጃውን በደንብ የሚያሠራው በደቂቃ 540 ጊዜ ሲዞር ነው፤ ሞተሩ ከተዳከመ ስለቱ ሣሩን መቁረጡን ትቶ መንጨት ይጀምራል። ሞተሩ በሙሉ ድምፁ ይጩኽ፣ ጎማው ይንቀርፈፍ፤ ይህን የሚያስታርቀው ካምቢዮው ብቻ ነው።

«ታዲያ 60 ፈረስ ገዝቼ ብገላገልስ?» የሚል አይጠፋም። ፈረሱ ሲበዛ ብረቱም ይበዛል፣ ብረቱም ዳገቱን መውጣት አለበት። ደግሞስ ያ ሁሉ ብረት ከዳገቱ ሥር የሚጠብቀውን ዋልካ እንዴት ሊሻገር ነው? ዝናብ የጠጣ ዋልካ የሚወደው ከባድ እንግዳ ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። «4 ኪሎ ሜትርማ የኤሊ ጉዞ ነው» ለሚለውም፣ ሜትር ተኩል የሚሰፋ ማጨጃ በዚህ ፍጥነት አንድ ሄክታር ሣር መዞሪያው ተቆጥሮ በሁለት ሰዓት ግድም ይጨርሳል። ማጭድ ይዞ የጎነበሰ ወገብ ይህን ኤሊ ቢያገኝ ይመርቀዋል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከአራሹ ይመጣል፦ «እኛ ዳገት የምናርሰው አግድም ነው፤ ትራክተሩስ?» አግድም ማረስ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስድ ነው፤ ማጨድ ግን አፈር አይነካም። ትራክተር ቁመቱ ከፍ፣ እግሩ ጠበብ ያለ ፍጥረት ስለሆነ አግድም ሲሄድ አንድ ጉድባ ይበቃዋል፣ ይገለበጣል። ስለዚህ ሽቅብና ቁልቁል ይጨድ። ቁልቁል ሲባል ደግሞ የአይሱዙ ሾፌር ሕግ ይሠራል፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ፍሪሲዮን ረግጦ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው 25ቱንም ፈረስ በአንድ ጊዜ ፈትቶ ለቋል፤ የአብዛኛው ትንሽ ትራክተር ፍሬን ደግሞ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው የሚይዘው።

ከኋላው በእግር እየተከተሉ በእጅ የሚመሩት ባለሁለት ጎማ ትራክተርማ ጉዱ ሌላ ነው። ሜዳ ላይ የግራውን እጀታ ሲጨብጡት ወደ ግራ ይታጠፋል። ሞተሩ እየያዘው ቁልቁል ሲወርድ ግን ያንኑ የግራ እጀታ ቢጨብጡት ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የተለቀቀው ጎማ ከተያዘው ይቀድማላ! ይህን ገደል አፋፍ ላይ ከመማር ሜዳ ላይ መስማት ይሻላል።

ከልቅ ግጦሽ ተከልሎ ሣሩ ወገብ የደረሰው ተራራ ሁሉ ለጎማ አይሆንም፤ ቀጥ ያለውን ለማጭድ ይተዉለት። ለቀረው ለዘብ ያለ ዳገት ግን ሻጩ የፈረሱን ቁጥር ተናግሮ ሲጨርስ «በአንደኛ ማርሽ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።