ፎገራ ላይ ሌላ እርባታ

ፎገራ በእርባታ ስሙ የተጠራ አገር ነው። ከጣና ምሥራቅ ባለው ረግረጋማ ሜዳ የኖረው የፎገራ ከብት በወተቱም በጉልበቱም የታወቀ ዝርያ ነው። ሜዳውን ሩዝ ከያዘው ወዲህ ግን ግጦሹ ጠቦ፣ ያልተዳቀለ የፎገራ ላም ማየት የሚሻ ሰው ብዙ መንከራተት አለበት። ቢሆንም እርባታ ከአገሩ አልጠፋም፤ ከከብት ወደ ግሥ ዞረ እንጂ። ሰሞኑን በፎገራዋ ከተማ በወረታ ጧት ማታ የሚረባው የጀርመንኛ ግሥ ነው።

የሚረባውም በዋናነት አንዱ ነው። «ዛይን» ይባላል፤ «መሆን» ማለት ነው። ኢሽ ቢን፣ ዱ ቢስት፣ ኤር ኢስት፣ ቪር ዚንት፣ ኢር ዛይት፣ ዚ ዚንት። የባሕር ዳር ጎንደሩ መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ በሚገነጠልበት አካባቢ አንዱ ቡና ቤት ገብቶ ጆሮውን የሰጠ ሰው፣ ይህን ዜማ ሳይሰማ ስኒውን አይጨርስም። ነርሷ ከአዳር ሥራ ወጥታ ታወርደዋለች። ባጃጅ ነጂው ሰንጠረዡን ከፊት ለፊቱ፣ ከማርያም ሥዕል ጎን ለጥፎታል። ርብ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣው ልጅ ከውሃ ሞተሩ ጩኸት በላይ «ኢር ዛይት» እያለ ይጮኻል። «ኢር ዛይት» ማለት «እናንተ ናችሁ» ነው፤ ሽንኩርቱም አልካደም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጀርመን ሠራተኛ አንሷታል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ለውጭ አገር ባለሙያዎች በሯን የሚያሰፋ ሕግ ሥራ ላይ አዋለች፤ በጁን 2024 ደግሞ «የዕድል ካርድ» የሚባለውን ጨመረችበት። ለካርዱ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ቋንቋ ሲሆን፣ ጀርመንኛ ለሚያቀርብ ሰው ዝቅተኛው ደረጃ ኤ1 ይበቃል። ይህች «ኤ1 ይበቃል» የምትል ሐረግ ከሕጉ ሁሉ ቀድማ ወረታ ገባች። የሙያ ማስረጃው፣ መተዳደሪያ ገንዘቡ፣ የነጥብ ቆጠራው መንገድ ላይ ቀሩ። በነርስነት ለመሥራት በተለምዶ ከፍ ያለው ደረጃ ቢ2 እንደሚጠየቅ የሚያስታውስ ሰው ከተነሳማ ምቀኛ ነው። ደላላው ግን መካሪ ነው፤ «ሦስት ወር ተማር፣ ቀሪውን እዚያው ትለምደዋለህ» ይላል። እሱ ራሱ ያልለመደው ስላልሄደ ይሆናል።

ስለዚህ ልጁ ገና «ዱ ቢስት» ላይ ሳለ እናቱ ማኅበር ላይ «የኔው ልጅ እኮ ጀርመን ሊሄድ ነው» ትላለች። «ኤር ኢስት» ላይ ሲደርስ አጎቱ የስልክ ዓይነት መርጦ ያዛል። «ቪር ዚንት» ሲል ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «እኛ ነን» ማለት ነውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመድ ነን የሚለው ይበዛል። ቪዛው ሳይመታ የውለታው ዝርዝር ያልቃል።

ትምህርት ላይ የሚሰማው ዋናው እሮሮ «ይኼ ግሥ ሕግ የለውም» የሚል ነው። «ቢን» ከ«ኢስት»፣ «ኢስት» ከ«ዚንት» ምን ያዛምደዋል? ያለፈው ጊዜ ሲመጣ «ቫር» ይሆናል፤ ቀጥሎም «ገቬዝን» የሚባል መልክ ይመጣል። እሮሮው እውነትነት አለው፤ የጀርመኖች «መሆን» ከተለያየ ሥር የተለቃቀመ ግሥ ነው። ግን ከሳሹ ማን እንደሆነም ይታይ። «ነኝ» ያለ አማርኛ ተናጋሪ ሲክድ «አይደለሁም» ይላል፤ ስለ ትናንት ሲያወራ «ነበርኩ»፣ ነገን ሲመኝ «እሆናለሁ» ነው። አራቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላምታ አይለዋወጡም። ጀርመኑ የአሁኑን ጊዜ በአምስት መልክ ይገላገለዋል። እኛ ከ«ነኝ» እስከ «ናቸው» ዘጠኝ እናወጣለን፤ እሷም «ናት» ትባል «ነች» ገና አልተስማማንም።

ሌላም አለ። ጀርመን «ምክንያቱም» ሲል «ቫይል» ይላል፤ ከ«ቫይል» በኋላ ግሡ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። «ቫይል ኢሽ ክራንክ ቢን» ያለ ሰው «ስለታመምኩ» ማለቱ ነው። ተማሪው ይህን ሲያይ ራሱን ይይዛል። «ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?» ይላል። ይህን ያለውም በአማርኛ፣ ግሡን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጀርመንኛን በእንግሊዝኛ በኩል ከመማር ነው። እንግሊዝኛው «አይ አም ኮልድ» ስለሚል፣ ልጁ ቃል በቃል ገልብጦ «ኢሽ ቢን ካልት» ይላል። ጀርመኑ ይህን ሲሰማ «ርኅራኄ የሌለኝ ሰው ነኝ» እንደተባለ ይቆጥረዋል። በረደኝ ለማለት እነሱ «ሚር ኢስት ካልት» ነው የሚሉት፤ ሰውዬው ብርዱ የመጣበት እንጂ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አይደለም። አማርኛም «በረደኝ» ሲል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልጁ በገዛ ቋንቋው ቢያስብ ኖሮ በቀጥታ ይደርስ ነበር፤ ግን ቋንቋ ያወቀ የሚመስለው በለንደን በኩል ሲዞር ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው የመጀመሪያዋ ቃል ላይ ያለው ሙግት ነው። አንዱ «ኢሽ» ይላል፣ አንዱ «ኢኽ»፣ ሌላው «ኢክ»። ሁሉም የየራሱን የዩቲዩብ መምህር ምስክር ይጠራል። ቡናው ሁለተኛ ይደገማል፤ ሙግቱ ይቀጥላል፤ ግሡ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ቃሏ «እኔ» ማለት ናት። ጠቡም ስለ «እኔ» መሆኑን ላስተዋለ ሰው ይገርማል።

ከዚህ ሁሉ ጩኸት መሃል የማይሰማ አንድ ነገር አለ፤ ጀርመንኛ። ግሡ ይረባል፣ ይወርዳል፣ ይለጠፋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ለጓደኛ በቴሌግራም ይላካል፤ የሚናገርበት ሰው ግን የለም። አንዱ ደፍሮ «ኢሽ ኢስት» ያለ እንደሆነ ጠረጴዛው በሳቅ ይናወጣል። የሚስቁበት ጀርመኖች ቢሆኑ ባልከፋ፤ ከእሱ አንድ ሳምንት ቀድመው የጀመሩ ናቸው። የተሳቀበትም ልጅ በማግሥቱ ወደ ሰንጠረዡ ይመለሳል፤ ሰንጠረዥ አይስቅምና።

ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወጣት ሰንጠረዡን በለሆሳስ ሲያወርድ፣ አጠገቡ የተቀመጡ የቅኔ መምህር አደመጡት።

«ልጄ፣ የምን ግሥ ነው የምታወርደው?»

«የጀርመን ነው የኔታ። መሆን ማለት ነው።»

«በሰማህ፣ ጥሩ ግሥ ነው። እስቲ አንድ ነገር ተናገርበት።»

«ገና አልጨረስኩትም የኔታ። ስጨርስ ነው የምናገረው።»

«እስከዚያ ምን ሆነህ ልትቆይ ነው ታዲያ?»

የሚኒባሱ ሰው ሳቀ፤ የኔታ ግን ከልባቸው ነበር የጠየቁት። ልጁ መልስ አልነበረውም።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር ሲነሳ «የኛ ሰው መሸምደድ የለመደው ከቆሎ ትምህርት ቤት ነው» የሚል ተንታኝ አይጠፋም። ይህ ሐሜት ነው። እርግጥ ነው፣ በግሥ እርባታ የሚወዳደረን ጥቂት ነው። የቅኔ ተማሪ «ቀተለ» እና «ቀደሰ» ብሎ ጀምሮ ስምንቱን የግሥ አርእስት ያወርዳል፤ «ይቤ» የሚለው መልኩ የወደፊት እየመሰለ ያለፈን ነገር የሚናገርበትን ጉድም ገና በልጅነቱ ይጋፈጠዋል። ግን ያው ተማሪ ግሡን አውርዶ አይተኛም። ከሁለት መሥመሯ ጉባኤ ቃና ይጀምርና የራሱን ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይናገራል። መምህሩ ያርማል፤ ያፈርስበታልም፤ እሱም በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ግሥና ንግግር አብረው ይሄዳሉ። እኛ ከቅኔ ቤት የወሰድነው ግማሹን ነው፤ ማውረዱን ወስደን መናገሩን እዚያው ተውነው።

ጀርመኖቹ ግን ሁለቱንም ወስደዋል። የኤርፉርቱ ሰው ኢዮብ ሉዶልፍ ግዕዝን ያለ አስተማሪ ከመጽሐፍ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጋር ተገናኘ። አነጋገሩ መጀመሪያ ላይ መነኮሳቱን እንዳሳቃቸው ይነገራል። ሰውዬው ግን ወደ መጽሐፉ አልሸሸም። ከመካከላቸው የአምሐራውን ሰው አባ ጎርጎርዮስን ወዳጅ አደረገ፤ በ1652 ጎታ ድረስ አስመጥቶ ቃል በቃል ጠየቀው። በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። የአማርኛ ግሥ እንዴት እንደሚረባ የሚያስረዳውን ያንን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ኢትዮጵያን በእግሩ ረግጦ አያውቅም፤ ያፈረበት ቋንቋ ግን አልነበረም።

ሮም ሩቅ ነው የሚል ካለ ጋፋት ቅርብ ነው፤ ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ይገኛል። ባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና የወንጌል ማኅበር የመጡ ጀርመኖችና ስዊዞች ሊሰብኩ አስበው፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሠሪ አደረጓቸው። «ሰባኪ ነኝ» ያለው ሁሉ «መድፍ ሠሪ ሆንኩ» አለ። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 እስኪያቀልጡ ድረስ ከአገሩ ሰው ጋር ሲያወሩ ኖረዋል። ንጉሡ «ግሡን መጀመሪያ ጨርሱ» ብለው ቢጠብቋቸው ኖሮ መድፉ ዛሬም አይቀልጥም ነበር።

የፎገራ ሰው ይህን ትምህርት ከማንም መዋስ አያስፈልገውም፤ በሩዝ አይቶታል። ሩዝ ለዚህ ሜዳ የውጭ አገር ሰው ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አምጥተው ጅግናና ሻጋ ላይ ሲሞክሩት፣ አርሶ አደሩ ስለ ሩዝ ያወቀው ነገር አልነበረም። ውሃው ውስጥ ገባ፤ አበላሸ፤ ደግሞ ሞከረ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ የቀበሌዋን ስም ይዞ ቀረ፤ ዛሬ ወረታ ከተማ ውስጥ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሟል፤ እንጀራውም ሩዝ ተቀላቅሎበት ይጋገራል። ከዳር ቆሞ የሩዝን ጠባይ በቃሉ ሸምድዶ ያመረተ አንድ ሰው የለም። ልጁ ይህን ከአባቱ ማሳ ላይ እያየ አድጎ፣ ጀርመንኛን ከዳር ቆሞ ያረባል።

አንድ የምሥራች ልንገረው። ፈተናው እንደሚፈራው አይደለም። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ያለው የጎቴ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው የኤ1 ፈተና ከ100 ነጥብ በ60 ይታለፋል። ከአራቱ ክፍሎች አንዱ ንግግር ነው፤ እሱም ራስን በማስተዋወቅ ይጀምራል። ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ መኖሪያ፣ የሚናገሩት ቋንቋ፣ ሥራ፣ በትርፍ ጊዜ የሚወዱት ነገር። «የዛይንን ሰንጠረዥ አውርድ» የሚል ጥያቄ የለበትም። ከሰንጠረዡ ስድስት መሥመሮች ውስጥ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚሠራው «ኢሽ ቢን» ነው፤ እሱን ደግሞ ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቀዋል። ያላደረገው ከ«ኢሽ ቢን» በኋላ አንድ ነገር ብሎ መጨረስ ነው።

ስለዚህ የወረታ ሰዎች፣ ልጁ ቡና ቤት ተቀምጦ «ኢሽ ኢስት» ሲል ብትሰሙ አትሳቁበት፤ አርሙትና ወዲያው ሌላ ጥያቄ ጨምሩለት። ስልኩንም እስኪሄድ ድረስ አትዘዙት። አንተም ልጄ፣ ሰንጠረዡን አጥፈህ ኪስህ ክተትና ተናገር። ግሥ የሚረባው በሰው ፊት ሲሳሳቱበት ነው፤ ለብቻ ሲወርድ የኖረ ግሥ አይረባም።